መመሪያ የሌለው ቀሚስ

ከፒያሳ ወረድ ሲሉ፣ ሰዓት ሠሪው ከተቀመጠበት፣
አንዲት የልብስ ሰፊ ሱቅ አለች፣ ሁለት ሰው የማያልፍበት።
የሲንጀሩ ፔዳል ሲረገጥ ቆርቆሮዋ አብሮ ይንቀጠቀጣል፤
ጋሽ እንየው መርፌ በከንፈሩ ይዞ በጎን በኩል ያወራል።

«ሑመራ ያለች ደንበኛዬ በስልክ ቀሚስ ልዘዝ ብላኛለች፤
ልጄ፣ ያ የምትሠራው ገጽ በር አለው? በየት ትገባለች?»
«አለው» አልኩት። ያኔ ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣሁ፣
የማውቀውን ሁሉ ባንድ ገጽ ልዘረግፍ የመጣሁ።

ማራኪ፣ ኪራይ ቤቴ ውስጥ፣ መብራት እየሄደ እየመጣ፣
ሦስት ሌሊት ሠራሁለት። አቤት ያ ገጽ ሲወጣ!
የፋሲል ግንብ ከላይ ቆሞ፣ ደመና ከኋላው ሲሄድ፣
ፊደሉ ሁሉ በወርቅ፣ ሲነኩት የሚርገደገድ፣
አሥራ ሁለት አዝራር፣ እንደ ግቢው በሮች ቁጥር፦
«ራእያችን»፣ «ተልእኳችን»፣ «ስለ እኛ»፣ «የጥበብ ምሥጢር»…
ቀሚሱስ? ቀሚሱማ በዘጠነኛው በር፣ ከጓዳ፤
ዋጋው ደግሞ ከዚያ ወዲያ፣ እዚያ የሚደርስ እንግዳ
ካለ።

«እስኪ እንየው» አለ እንየው፤ ስሙ ራሱ ጥያቄው ነው፤
ስልኩን ግን ከእጄ አልወሰደም። «ለእሷ ስጣት» ነው ያለው።
ከበሩ ላይ የውልሰው፣ ከአዘዞ በባጃጅ የመጣች፣
ለእህቷ ሠርግ ጥልፍ ልትመርጥ ነጠላዋን አጣፍታ ቆማለች።
«ምንም እንዳትነግራት» አለኝ። «እጅህን አጣምረህ ቁም።»
ቆምኩ። ሥራዬ ፊት እንዲያ ዝም ብዬ አላውቅም።

ጠበቀች። ደመናው ሄደ። የወርቁ ፊደል ተርገደገደ።
ከሞላችው ካርድ ላይ ስንቱ ለዚያ ደመና ነደደ!
በስንት ጊዜ ቀዩን ጥለት አየች፤ ፊቷ በራ፤
ልክ ከቀሚሱ ወገብ ላይ አውራ ጣቷ አረፈ፣ በተራ።
ምንም።
ደግማ ነካች።
ምንም።
መግዣው ከታች ነበር፣ ግራጫ በግራጫ ላይ የተጻፈ፣
ለውበት ስል ያሳነስኩት፣ ከዓይኗ ሥር ሾልኮ ያለፈ።
«ይቅርታ» አለችኝ። እሷ! «እኔ ነኝ፣ ስልክ አልችልበትም።»
ከዚያ ቃል የከበደኝ ነገር እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

እንየው አልገሠጸኝም። ከማንጠልጠያው አንድ ቀሚስ
አውርዶ ሰጣት፤ ደረበችው፣ ከለበሰችው በላይ ልብስ።
አንገቷ አንገቱን አገኘ፣ ክንዷም አገኘ እጅጌውን።
«አየህ? ማን ነገራት ለክንዷ መግቢያ መውጫ መንገዱን?
እኔ ባንገቱ ዙሪያ ‹አንገት› ብዬ አልጠለፍኩም፤
ስፌቴ ይታይልኝ ብዬ ሰው ገልብጬ አላለበስኩም።
ኪሱ እጅ ከሚወርድበት፣ ቁልፉ ጣት ከሚደርስበት፤
ጥልፉ ይመር፣ ማን ከለከለ? ግን ሰው ይራመድበት።»

ያን ሌሊት መርፌ ሳልይዝ ስተረትር አደርኩ።
ደመናውን ሸኘሁት፤ ግንቡን ለባለቤቱ ተውኩ።
ቀሚሱን ከደጅ አወጣሁ፣ ዋጋውን ከጫፉ ሥር፣
በጉልህ፤ «በውስጥ መስመር ያናግሩን» የለም፣ የለም ድርድር።
ሥዕሉን ራሱን በር አደረግኩ፣ ጣት የሚሻው እሱን ነዋ፤
የምትመለስበትም አለ፣ ብትሳሳት እንዳይጨንቃት፣
ስልክ ቁጥሯን ስታጎድል ቀልቶ እንዳይጮህባት፣
«አንድ ቁጥር ቀርታለች» ብሎ ቀስ ብሎ እንዲነግራት።
ምስሉንም አቀለልኩት፣ ኔትወርኩ በሚያነክስ ቀን
በአንድ እግሩ እያዘገመ ሑመራ መድረስ እንዲችል።

ሐሙስ ስልኩ ከጨርቅ ሥር ጮኸ።
ቀዩ ጥለት። አንድ። በቴሌብር ተከፍሏል።
ጋሽ እንየው ሜትሩን ካንገቱ ፈታ፣ ጠመኔውን አነሳ፣
ጨርቁን ዘረጋ፤ ጎንበስ አለ። ቆየ። ቀና አለ።
መርፌውን ከከንፈሩ አወጣ፦
«ልጄ፣ ሁሉም ደኅና።
ወገቧ ስንት ነው?»

ላፕቶፔን እንደገና ከፈትኩ።